ባራቲየሪን ማን ይሁን?

ሕግ ማውጣት እጅግ ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው። ሕግ አውጪው ብቻውን በጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ «አንቀጽ አንድ» ብሎ በጻፈ ጊዜ፣ ተቃዋሚ የለበትም፣ ይግባኝ ባይ የለበትም፣ «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚያቋርጠውም የለምና፣ ዓለም ሁሉ ጸጥ ብሎ የሚያዳምጠው ይመስለዋል። መከራው የሚጀምረው ሕጉ ከደራሲው እጅ ወጥቶ በወዳጆቹ እጅ የገባ ዕለት ነው። ጠላት የሰው ሕግ ያገኘ እንደ ሆነ ጥሶት ያልፋል፤ ወዳጅ ግን አንብቦ፣ መርምሮ፣ ነጥብና ሰረዙን ሁሉ ቆጥሮ፣ አንተ ራስህ በጻፍኸው ቃል አንተኑ ከረታህ በኋላ «አይዞህ፣ ጥሩ ጀምረሃል» ብሎ ያጽናናሃል።

እኔ ያወጣሁት ሕግ አገር የሚተዳደርበት አይደለም። በአንድ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ፣ ቁመታቸው ከአውራ ጣት በማይበልጥ ወታደሮች፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገውን የዓድዋን ጦርነት ደግሞ ለመዋጋት የሚያገለግል ሥርዓተ ጨዋታ ነው። አንባቢዬ «ይህ ሽበት የወረሰው ሰው ዛሬም በአሻንጉሊት ይጫወታልን?» ብሎ ሳይታዘበኝ በፊት የቀደሙትን ምስክሮች ልጥራ። በፕሩሲያ ፎን ራይስቪትስ የሚባል ወጣት መኮንን፣ አባቱ የጀመረውን የጦር ጨዋታ አሻሽሎ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1824 ባቀረበ ጊዜ፣ የጦሩ ኤታ ማዦር ሹም ጄኔራል ፎን ሙፍሊንግ ፊታቸውን አኮሳትረው ለመመልከት ገቡ፤ ጨዋታው እየገፋ በሄደ መጠን ግን ፊታቸው እየተፈታ ሄዶ፣ በመጨረሻ ይህ ጨዋታ ሳይሆን የጦርነት ትምህርት ቤት ነው ብለው ለሠራዊቱ ሁሉ የሚገባ መሆኑን መስክረዋል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስም በ1913 «ትንንሽ ጦርነቶች» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ፣ በመጫወቻ መድፍ የእንጨት ጥይት እየተኮሰ የቆርቆሮ ወታደር ሲጥል በወለል ላይ በጕልበቱ መዳሁን ለመናገር አላፈረም። ሰዎች ሁሉ በትንንሹ ጦርነት ረክተው ትልቁን ቢተዉት እንደሚሻል የመከረው በዚሁ መጽሐፍ ነበር፤ በዓመቱ ትልቁ ጦርነት ፈነዳ።

በፈረንጅ ምስክር አልረታም የሚል ቢኖር ደግሞ የራሳችን ሰንጠረዥ አለለት። የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ከፈረንጁ ቼዝ ይልቁንም የሚለየው ወረራ በሚባለው መክፈቻው ነው፤ ከሁለቱ ወገን የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተጫዋቾቹ ተራ ሳይጠባበቁ፣ እያንዳንዱ እጁ በፈጠነለት መጠን ሠራዊቱን ያንቀሳቅሳል። ጦርነት ማለት ይህ አይደለምን? ጠላት «ተራህ ደርሷል፣ በል ጀምር» ይላልን? ስለዚህ ከዓድዋ በፊት የነበረው የሌሊት ጕዞ በወረራ ሥርዓት ይፈጸም ዘንድ በአንቀጽ አንድ ደነገግሁ። አንቀጹም በተፈተነበት ዕለት ጎልማሶችና ሽማግሎች በአንድነት እጃቸውን ወደ አንድ ጠረጴዛ ሰደው ክንድ ከክንድ ተጋጨ፣ ሲኒ ተገለበጠ፣ ቡናውም በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ወረደ። አንደኛው ወገን «ወንዝ ሞልቷልና ጠላት አይሻገርም» ሲል፣ ሌላው «በየካቲት ምን ወንዝ ይሞላል?» ብሎ ተከራከረ፤ የተገለበጠው ሲኒ የማን እንደ ነበረ ግን እስከ ዛሬ አልተገለጠም።

ወዳጆቼ የሚሰበሰቡት በሻለቃ ቤት ነው፤ የምግብ ጠረጴዛቸው ከእኔ ጠረጴዛ ይሰፋልና። ሻለቃ በጡረታ የተገለሉ መድፈኛ ናቸው፤ በማናቸውም ዘመን በተደረገ በማናቸውም ጦርነት ድልን ያመጣው መድፍ እንደ ሆነ ያምናሉ፤ መድፍ ባልነበረበት ዘመን የተሸነፈውም በመድፍ እጦት ነው ይላሉ። መሪጌታ በቅኔ ቤት ያደጉ፣ አንድን ቃል በአንድ ትርጓሜ ብቻ ማለፍን ንፍገት አድርገው የሚቈጥሩ ሰው ናቸው። ሦስተኛው በጥብቅና የሚተዳደር ጎልማሳ ሲሆን እኛ ነገረ ፈጅ እንለዋለን፤ በዕድሜ ታናሻችን በመሆኑም፣ ሙክት ሲታረድ ማንም ያልፈለገው ብልት ለታናሽ እንደሚደርስ፣ የኢጣልያ ጦር ለእርሱ ደረሰው። እኔ ሕግ አውጪም ዳኛም ነኝ።

የመጀመሪያዎቹ ወታደሮቻችን ቆርኪዎች ነበሩ፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ ዳማ የሚጫወትበት ያ የጠርሙስ ክዳን ማለቴ ነው። የኢትዮጵያ ጦር የቢራ ቆርኪ፣ የኢጣልያ ጦር የለስላሳ ቆርኪ ሆነ። እዚህ ላይ የሒሳብ ነገር መጣ። የኢጣልያ ጦር ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ሲሆን፣ የዐፄ ምኒልክ ጦር በታሪክ ጸሐፊዎች ግምት መቶ ሺሕ ያህል ነውና፣ አንድ ቆርኪ በመቶ ሰው ቢታሰብ ለኢጣልያ 177፣ ለኢትዮጵያ አንድ ሺሕ ቆርኪ ያስፈልጋል። አንድ ሺሕ የቢራ ቆርኪ ከየት ይመጣል? ሻለቃ ለአገር ሲሉ ራሳቸውን አቀረቡ፤ እትዬ ግን፣ የሻለቃ ባለቤት ማለት ናቸው፣ ከጓዳ ሆነው «አይደረግም» አሉ። ስለዚህ አንድ ቆርኪ በአምስት መቶ ሰው እንዲታሰብ አንቀጹን አሻሻልሁ። ኋላም በውጭ አገር የሚኖር አንድ ዘመድ 28 ሚሊሜትር ቁመት ያላቸው፣ በቀጭን ቡሩሽ ቀለም የተቀቡ የብረት ወታደሮች ላከልን፤ ያገኘው ግን የኢጣልያኑን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጠረጴዛችን ላይ፣ ባርኔጣቸውና ቁልፋቸው ሳይቀር የተሣለላቸው የሮማ ልጆች በአንድ ወገን ተሰልፈው፣ በሌላው ወገን የነገሥታቱና የራሶቹ ሠራዊት ዛሬም ቆርኪ ነው። ሻለቃ ይህን በጣም ወደዱት፤ «ድሮስ ያማረበት መቼ አሸነፈ?» ይላሉ።

አንቀጽ ሁለት «አንድ ጦር በአንድ ተራ ሁለት ስንዝር ይሄዳል» ይላል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ቃል ይገኛልን? ነገር ግን ነገረ ፈጁ ወረቀቱን ወደ መብራት አስጠግቶ «የማን ስንዝር?» አለ። ሻለቃ ወዲያው እጃቸውን ዘረጉ፤ እጃቸው ደግሞ የመድፈኛ እጅ ነው፤ አንድ ስንዝራቸው ከሰማያታ ተራራ እስከ አባ ገሪማ ተራራ ይደርሳል። መሪጌታ ጉሮሮአቸውን ጠርገው ትርጓሜውን አወረዱት፤ «አንድም፣ ስንዝር ያለው የተጫዋቹን ስንዝር ነው። አንድም፣ የደንጋጊውን ስንዝር ነው፤ ቃሉ የእርሱ ነውና። አንድም፣ ስንዝር ብሎ ክንድን መናገሩ ነው፤ ትንሹን ጠርቶ ትልቁን ማሰብ የሊቃውንት ልማድ ነውና።» በዚህ በሦስተኛው አንድም መሠረት የራስ መኰንን ጦር በአንድ ተራ ጠረጴዛውን ተሻግሮ ከወንበሩ ላይ ሊወርድ ሆነ። በመጨረሻ ከማንም ወገን ያልሆኑት እትዬ ተጠርተው በስንዝራቸው ልክ አንድ ቀጭን ዘንግ ተቈረጠ፤ ዛሬ የሠራዊት ጕዞ ሁሉ የሚለካው በእርሱ ነው፤ ዘንጉም ከጨዋታ በኋላ በሳሎኑ መሳቢያ ተቈልፎበት ይቀመጣል፤ አንድ ሰሞን በምሥጢር ሊረዝም ምንም አልቀረው ነበርና።

ዕጣውም ያለ ክርክር አላለፈም። ተኩስ መምታቱና መሳቱ የሚታወቀው ባለ ስድስት ገጽ ጠጠር በመጣል ነው፤ ልጆቻችን ዳይስ የሚሉት። መሪጌታ «በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት በተገኘ ድል ላይ ዕጣ መጣል ጌታን በሰቀሉት ጭፍሮች ልማድ መሄድ ነው» ብለው ተቈጡ፤ እነዚያ በልብሱ ዕጣ ተጣጥለዋልና። ሻለቃ ግን፣ እኛ የመድፍ እንጂ የመጽሐፍ ሰው ያልመሰሉን ሻለቃ፣ ቀና ብለው «ሐዋርያው ማትያስስ በምን ተመረጠ?» ቢሏቸው፣ መሪጌታ ጥቂት ዝም ብለው ጠጠሩን ከጠረጴዛው አነሡና አንከባለሉት፤ ስድስት ወጣላቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ዕጣ ክርክር ሰምቼ አላውቅም። የታቦቱ ነገር ግን ቀረ። ታቦተ ጊዮርጊስ ከጦሩ ጋር ወርዷልና በዕጣው ላይ ስንት ነጥብ ይጨመር? መሪጌታ «ቍጥር አይወስነውም» ሲሉ፣ ነገረ ፈጁ «ቍጥር የማይወስነው ነገር በአንቀጽ ሊገባ አይችልም» አለ። እኔም እንደ ዳኛ ነገሩን ወደ ወኔ አንቀጽ መራሁት።

ይህ የወኔ አንቀጽ የምኮራበት ድርሰቴ ነው። በብዙ የጦር ጨዋታ ሕግ ውስጥ፣ ወታደር ጥይት ሲበዛበት ይቁም ወይስ ይሽሽ የሚለውን የሚወስን ክፍል አለ፤ እኔም እንዲህ ስል ጻፍሁ፦ «ተጫዋቹ ዕጣ ከመጣሉ በፊት ተነሥቶ የፎከረ እንደ ሆነ በውጤቱ ላይ አንድ ይጨመርለታል።» በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። በተፈተነ ጊዜ ግን ለአንድ ዕጣ አንድ ሰዓት ሆነ። ሻለቃ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የፈረሳቸውን ስም ጠርተው ሲያበቁ፣ መሪጌታ ደግሞ በግእዝ ቢጀምሩት፣ የጎረቤት ሰው ሌባ የተያዘ መስሎት ዱላ ይዞ በሩን አንኳኳ። ነገረ ፈጁም «መብቱ ለሁለቱም ወገን እኩል ነው» ብሎ ተነሣና፣ እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ ከቬርዲ «አይዳ» የድሉን ሰልፍ ዜማ በአፉ መለከት ያሰማን ጀመር። ይህ ኦፔራ በ1871 በካይሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ሲሆን፣ ዜማው የሚነፋው የግብፅ ጦር ኢትዮጵያውያንን አሸንፎ በሚገባበት ክፍል ነው። ይህን ነገር መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ፤ ዝም ማለት ሲገባኝ ለመሪጌታ ነገርኋቸው። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አንድ ሰው በአንድ ማታ ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይፎክር፣ የውጭ አገር ዜማም በሹክሹክታ ብቻ እንዲሆን ተደንግጓል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የአልቤርቶኔ ነገር ነው። የኢጣልያ ጦር አዛዥ ባራቲየሪ ጦሩን በአራት ከፍሎ የካቲት 22 ቀን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም ከሳውሪያ ሲያስነሣ፣ በግራ አልቤርቶኔን፣ በመካከል አሪሞንዲን፣ በቀኝ ዳቦርሚዳን፣ በደጀን ኤሌናን አድርጎ፣ በእጅ የተነደፈ ካርታ ሰጥቷቸው ነበር። በካርታው ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈበት ኮረብታ ግን እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት አልነበረም። አልቤርቶኔ ካርታው ካመለከተው ቦታ ደርሶ ጥቂት ከቈየ በኋላ፣ መንገድ መሪዎቹ የስሙ ባለቤት የሆነው ቦታ ገና ወደ ፊት መሆኑን ቢነግሩት፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ገፍቶ ሄዶ ሊነጋጋ ሲል ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ፊት ተገኘ። ዳቦርሚዳም እርሱን ይረዳ ዘንድ ቢታዘዝ ወደ ቀኝ ስቶ በማርያም ሸዊቶ ገባ። እንዲህም ሆኖ አንዱ የሌላውን ድረስልኝ ሳይሰማ ሁሉም በየተራ ተመቱ።

እንግዲህ ይህን ስሕተት በአንቀጽ እንዴት ያስገቡታል? «አልቤርቶኔ ይሳሳት» ብዬ ብደነግግ ጨዋታ መሆኑ ይቀርና የበዓል ቀን ቴአትር ይሆናል፤ ካልደነገግሁ ደግሞ ታሪኩን ከፊደል ጋር የተማረ ሰው በምን ተታሎ ይሳሳታል? ነገረ ፈጁ ወታደሮቹን በመጀመሪያው ኮረብታ ላይ ደርድሮ፣ ክንዱን አጣጥፎ፣ «ደንበኛዬ ከዚህ አይነቃነቅም» አለ። «መንገድ መሪዎቹ ወደ ፊት ነው ይላሉ» ብለው፣ «ቃላቸው በመሐላ አልተረጋገጠም» አለኝ። መሪጌታም የንጉሠ ነገሥቱን ጦር ይዘው በተመሸገ ጠላት ላይ አልወጣም አሉ፤ ምኒልክም በሳውሪያ ምሽግ ላይ መውጣትን አልወደዱም ነበርና ልነቅፋቸው አልቻልሁም። ሻለቃ ብቻ ከሩቅ በመድፍ እንጀምር እያሉ ይለምናሉ። ሁለቱ ጦሮች ተፋጥጠው ተቀመጡ፤ በሻለቃ ሳሎን የዓድዋ ጦርነት ሳይደረግ ሊቀር ሆነ።

በዚህ ጊዜ እትዬ እራት ሊያቀርቡ ሰሐን ይዘው ገቡ፤ የሚያስቀምጡበትም ቦታ አላገኙም። ቆርኪውን ከዳር እስከ ዳር ተመልክተው «ይህ ሁሉ ሰው እንዲህ ተቀምጦ ምን እየበላ ነው?» አሉ። ሁላችንም ዝም አልን። የጦር ኃይል ሲቈጥሩ ያመሹ ሰዎች ሁሉ ያልጠየቁትን፣ የዓድዋን ቀን የወሰነውን ጥያቄ የጠየቁ እርሳቸው ነበሩ፤ በዚያን ሰሞን የምኒልክም ጦር ስንቅ እያለቀበት፣ የባራቲየሪም ጦር የቀናት ቀለብ ብቻ ቀርቶት፣ ማን ቀድሞ ይነሣ የሚለው ነገር የሆድ ነገር ነበርና። መሪጌታ ተነሥተው እጅ ነሡ፤ «እቴጌ ጣይቱ በመቀሌ የኢጣልያኑን ምንጭ ባስያዙ ጊዜ እንዲህ ሳይሉ አልቀሩም» ብለው በዚያው ማዕርግ ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ እትዬ የስንቅ ኃላፊ ናቸው፤ ያለ ሥራ በተቀመጠ ጦር ላይ በየተራው ቆርኪ ያነሣሉ፤ ይግባኝም አይቀበሉም።

እኔ ደግሞ በዚህ ላይ የሮማን ቴሌግራም ጨመርሁ። ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ጦርነቱን ወታደራዊ የሳንባ ነቀርሳ ብሎ ባራቲየሪን በቴሌግራም መዝለፉ በታሪክ የታወቀ ነውና፣ ነገረ ፈጁ ሳይንቀሳቀስ ባለፈ ቍጥር ተነሥቼ ያንን ዘለፋ በዝግታ አነብለታለሁ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ «ደረሰኝ፣ ይበቃል» አለ፤ ቀጥሎም ሻለቃና መሪጌታ በዜማ ይቀበሉኝ ጀመር። ባራቲየሪስ የጦር አለቆቹን ሰብስቦ ተማክሮ ነበር፤ ነገረ ፈጁ ግን ማንንም ሳያማክር ብድግ ብሎ ጦሩን አዘመተ። እንዲህም ሲሆን አልቤርቶኔን ከዚያች ኮረብታ አላስወጣውም።

ከድካሜም ብዛት የተነሣ ሌላውን የፕሩሲያ ሰው፣ ፎን ቬርዲ ዱ ቬርኑዋን ጠቀስሁ፤ እርሱ በ1876 ባሳተመው ሥርዓት ዕጣውንና ሠንጠረዡን ሁሉ ትቶ ነገሩን ለአንድ ልምድ ላለው ዳኛ ፍርድ ሰጥቶታል። ይህ አሳብ ለዳኛ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ዳኛ የሆነ ያውቀዋል። ነገረ ፈጁ ግን «ጋሼ፣ ሕግ አውጪውም፣ ተርጓሚውም፣ አስፈጻሚውም እርስዎ ሊሆኑ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁለቱ ሽማግሎችም፣ በሌላ ነገር የማይስማሙት፣ በዚህ ከእርሱ ጋር ተስማሙ። በዚያም ላይ መሪጌታ በእኔ ቂም ይዘው ነበር። ፊታውራሪ ገበየሁ ኅዳር 28 ቀን በአምባላጌ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ውጊያ መክፈቱን አስቤ፣ «ስድስት የወጣለት የጦር አለቃ ሳይታዘዝ ይገባል» የሚል አንቀጽ አኑሬአለሁና፣ ለእርሳቸው ስድስት መውጣቱን አይተውም፤ አለቆቻቸው በየተራው አፈትልከው ይሄዱባቸዋል። «በማን ትእዛዝ ነው?» ይላሉ በንጉሥ ድምፅ። ትእዛዝማ የለም፤ ነገሩ ያ ነው።

ኋላ የአልቤርቶኔን ነገር በዘዴ ፈታሁት። አንድ እሑድ ጠረጴዛውን አዙሬ ሰሜኑን ደቡብ አደረግሁ፤ የተራሮቹን ስም ፍቄ በፊደል ብቻ ጠራኋቸው፤ የብረት ወታደሮቹን ደብቄ ሁሉንም ወገን ቆርኪ አደረግሁና፣ «ይህ በሩቅ አገር የተደረገ ሌላ ጦርነት ነው፤ ዘመኑንም አልናገርም» አልሁ። ለነገረ ፈጁ ያንኑ የተሳሳተ ካርታ ሰጠሁት። «ሐ» ከተባለው ኮረብታ ደረሰ፤ መንገድ መሪው «እውነተኛው ሐ ወደ ፊት ነው» አለው። ጥቂት አሰበ። ፈገግ አለ፤ ካርታው ዳኛው ከመጀመሪያው ቦታ ሊያስቀረኝ የሸረበው ተንኮል ነው ብሎ ጠርጥሮ ነበርና፣ ከጓደኞቹ ጦር ተለይቶ እየተጣደፈ ገፋ። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ከሦስት ወገን ተከበበ፤ ሻለቃ የሚመኙትን መድፍ በቅርብ ተኰሱበት። ነገሩ ዓድዋ መሆኑን በገለጥሁለት ጊዜ ተነሥቶ ጠረጴዛውን ዞሮ ከሌላው ወገን ተመለከተው፤ ተራሮቹን አንድ በአንድ በጣቱ ቈጠረ፤ ኮቱን ለብሶ ወጣ። በማግሥቱ ጨዋታው እንዲሻር የሚጠይቅ፣ በሥርዓት የተጻፈና ማኅተም የተመታበት አቤቱታ ደረሰኝ። ለትርጓሜ ወደ መሪጌታ ብመራው ከግርጌው በቀይ ቀለም «አንድም፣ ተሸነፈ፤ ሌላ አንድም የለውም» ብለው ጽፈው መለሱልኝ።

አሁን ነገረ ፈጁ ራስ አሉላን ካልሆንሁ አልመጣም ብሏል፤ ሻለቃና መሪጌታም ለኢጣልያ አንዋጋም ብለዋል፤ ባራቲየሪ የሚሆን ሰው ጠፍቷል። ስለዚህ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሻለቃ ቤት ቢመጣ፣ ቡናውም እራቱም ከእኛ ነው፤ ዜማም በሹክሹክታ ይፈቀድለታል። የምንፈልገው ግን ስለ ኮረብታውና ስለ ካርታው ምንም ያልሰማ ሰው በመሆኑ፣ አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ እስከዚህ ድረስ አንብበዋልና አይሆኑንም፤ ይህን ጽሑፍ ላላዩ ወዳጅዎ ይንገሩልኝ፤ ምክንያቱን ግን አይንገሩ።